የረጅም የእግር ጉዞ ስንቅ፦ የመንገድ መመሪያን አንብቦ ከከተማ እስከ ከተማ የማቀድ ዘዴ

ለወራት በሚዘልቅ የእግር ጉዞ ላይ ማንም ሰው የጉዞውን ስንቅ በሙሉ ተሸክሞ አይነሣም። ጠንካራ ተጓዥ እንኳ ሳይጎብጥ ሊሸከም የሚችለው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን የሚያደርሰውን ነው፤ የቀረውን በየመንገዱ እየሞላ ይሄዳል። ስለዚህ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጉዞ ለሚያቅደው ሰው አንድ ጉዞ አይደለም፤ ከስንቅ ቦታ እስከ ስንቅ ቦታ የሚደረጉ የሃያ አምስት ወይም የሠላሳ አጫጭር ጉዞዎች ድምር ነው። የእቅዱ ሥራም እነዚህን አጫጭር ጉዞዎች ለይቶ እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ በመድረሻው ላይ ያለው ቦታ ምን እንደሚሸጥና መቼ ክፍት እንደሚሆን ማወቅ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ከመነሣቱ በፊት ቤቱ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ጨርሶ ለመገላገል ይፈልጋል። የአምስት ወር ምግብ ገዝቶ በሠላሳ ካርቶን ያሽጋል፣ እያንዳንዱ ካርቶን የሚላክበትንም ቀን ቆርጦ ይነሣል። በሁለተኛው ወር ግን ፍጥነቱ ከገመተው ይለያል፣ በየቀኑ የሚበላው ያው ምግብ ይሰለቸዋል፣ የምግብ ፍላጎቱም በእጥፍ ሊጨምር ይችላል፤ ካርቶኖቹ ግን በድሮው ስሌት መሠረት መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከቤት የሚወሰነው ጥቂቱ ብቻ ይሁን፤ አብዛኛው መንገድ ላይ፣ መመሪያውን በእጅ ይዞ፣ ወደፊት ያለውን አንድ ወይም ሁለት ከተማ ብቻ እያዩ ይወሰን።

ዘዴውን ለማሳየት በአሜሪካ ምዕራብ የሚገኘውን ፓስፊክ ክሬስት ትሬይልን በምሳሌነት እጠቀማለሁ። ይህ መንገድ ከሜክሲኮ ድንበር ተነሥቶ በካሊፎርኒያ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች አድርጎ እስከ ካናዳ ድንበር 2,650 ማይል፣ ማለትም 4,265 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ምሥራቅ ካለው ረጅም የእግር መንገድ ከአፓላችያን ትሬይል ጋር በአንድ ሕግ ብሔራዊ መንገድ ተብሎ የታወጀ ነው። የመረጥኩት የስንቅ ችግር ዓይነቶች በሙሉ፣ ማለትም ደረቅ በረሃ፣ በረዶ ያለበት ከፍተኛ ተራራ፣ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት መንደርና በእሳት የሚዘጋ ጫካ፣ በአንድ መስመር ላይ ስለሚገኙ ነው። ዘዴው ግን ለየትኛውም ረጅም መንገድ ያገለግላል።

መመሪያዎቹን በዕድሜያቸው መለየት

የመንገድ መመሪያ ስንል በአንድ ስም የምንጠራቸው ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የርቀት ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱን ምንጭ፣ መገንጠያ፣ ድንኳን መትከያና የመኪና መንገድ መሻገሪያ ከመነሻው ካለው ርቀት ጋር ይዘረዝራል። ሁለተኛው የከተማ መመሪያ ሲሆን ሱቁ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ማደሪያውና ልብስ ማጠቢያው ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቁ ይነግራል። ሦስተኛው በስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ነው፤ በብዛት የሚታወቀው ቀድሞ ጉትሁክ ይባል የነበረው ፋርአውት ነው። ቀድሞ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ተጓዡ የቆመበትን ቦታ በጂፒኤስ ያሳያል፣ ሌሎች ተጓዦች ስለ እያንዳንዱ ቦታ የጻፉትንም አስተያየት ይዟል። አራተኛው መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል የሚያወጣው ማስታወቂያ ነው፤ በምሳሌአችን የፓስፊክ ክሬስት ትሬይል ማኅበር የተዘጉ ክፍሎችን ዝርዝር ያወጣል። ከነዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ መያዝ ይገባል፤ ስልክ ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ያልቃል።

እነዚህን ምንጮች ሲያነብቡ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለብዎት «ይህ መረጃ ስንት ጊዜ ዕድሜ አለው?» የሚለውን ነው። የሸንተረሩ ቅርጽና የተራራው ከፍታ አይለወጥም፤ ስለዚህ የአሥር ዓመት ካርታ ስለ አቀበቱ የሚናገረው ዛሬም እውነት ነው። የርቀት ቁጥር ግን መንገዱ በየዓመቱ እዚህም እዚያም ስለሚቀየስ ይንሸራተታል፤ የአንድ ዓመት ሠንጠረዥ ቁጥር ከሌላ ዓመት መተግበሪያ ቁጥር ጋር ቀላቅሎ መደመር ስህተት የሚገባበት የታወቀ በር ነው። የሱቅ መረጃ ዕድሜው አንድ ዓመት ቢሆን ነው። የምንጭ ውኃ መረጃ በሳምንት ያረጃል። በእሳት ምክንያት የሚዘጋው ክፍል ደግሞ በአንድ ቀን ይለወጣል። እንግዲህ ካርታውን ከቤት፣ ሱቁን ከመነሣት በፊትና አንድ ከተማ ሲቀረው በስልክ፣ ውኃውን በየከተማው፣ እሳቱን ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ማጣራት ነው።

የድሮ መመሪያ ምን ያህል ሊያስት እንደሚችል ለማየት የመንገዱን ሰሜናዊ ጫፍ መመልከት ይበቃል። ለብዙ ዓመታት ተጓዦች ከካናዳ መንግሥት ፈቃድ አውጥተው ድንበሩን በእግር ይሻገሩና በማኒንግ ፓርክ በኩል ይወጡ ነበር፤ የቀደሙት መመሪያዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ካናዳ ያንን ፈቃድ መስጠት አቁማለች። አሁን ድንበሩን የነካ ተጓዥ ወደ ኋላ ተመልሶ ሃርትስ ፓስ እስከተባለው የመኪና መንገድ ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። የድሮውን መጽሐፍ አምኖ ስንቁን እስከ ድንበሩ ብቻ የሰፈረ ሰው ሁለት ቀን ይራባል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሰሜን ዋሽንግተን በመከር ወቅት በረዶ የሚጥልበት ቦታ ነው።

በመተግበሪያው ውስጥ ያሉት የተጓዦች አስተያየቶችም የራሳቸው አነባበብ አላቸው። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ጸሐፊው ከየት ወደየት ይሄድ እንደነበረ ይመልከቱ፤ ከሰሜን የሚመጣ ሰው «ከምንጩ በኋላ ከባድ አቀበት አለ» ሲል ለእርስዎ ቁልቁለት ነው። የትናንት አስተያየት ከሌለ ያለፉትን ዓመታት በተመሳሳይ ወር ያወዳድሩ፤ አንድ ምንጭ በረዶ በበዛበት ዓመትም ሆነ ባነሰበት ዓመት በዚያው ወር ሲፈስ ከተገኘ በብዛት ይታመናል፣ አንዴ እንኳ ደርቆ ከተገኘ ግን እንደሌለ ቆጥሮ መሄድ ይሻላል። «ውኃ አለ» ከሚል አስተያየት ይልቅ «አንድ ሊትር ለመቅዳት ሁለት ደቂቃ ፈጀ» የሚለው አሥር እጥፍ ይጠቅማል። እርስዎም ሲጽፉ እንዲህ አድርገው ይጻፉ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ሕይወት በዚያ ቃል ላይ ሊመሠረት ይችላል።

ርቀትን ወደ ቀን መለወጥ

ስንቅ የሚቆጠረው በቀን እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ሁለት የስንቅ ቦታዎች እኩል 120 ኪሎ ሜትር ተራርቀው አንደኛው ርቀት በአራት ቀን፣ ሌላው በሰባት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት አቀበቱ፣ ከፍታው፣ በረዶውና የመንገዱ ሸካራነት ናቸው።

ለመነሻ ግምት የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀመር እስካሁን ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በዚህ መሠረት 1,200 ሜትር አቀበት ያለበት 20 ኪሎ ሜትር ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ቀመሩ ዕረፍትን፣ የከባድ ሻንጣን ጫናና ድካምን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ስንቅ ለጫነ ሰው ከውጤቱ ላይ ሲሶ ያህል መጨመር ተገቢ ነው፣ ስድስቱ ሰዓት ስምንት ይሆናል። የአቀበቱን ድምር ከመተግበሪያው የከፍታ ንድፍ ላይ ማግኘት ይቻላል። ከአሥር ቀን ጉዞ በኋላ ግን ቀመሩን ይተዉና የራስዎን ማስታወሻ ይመኑ፤ በየማታው የሄዱትን ርቀት፣ የወጡትን አቀበትና የተጓዙበትን ሰዓት በአንድ መስመር መጻፍ ከየትኛውም ቀመር የተሻለ መለኪያ ይሰጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በተለይ ዝቅ አድርጎ መገመት ይገባል። እግርና ጅማት እስኪለምዱ ድረስ በቀን ከ20 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ በሦስተኛው ወር 35 ወይም 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደውም ሰው ያው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ነው ለአምስተኛው ወር የሚሆን ቀን ከቤት መቁረጥ ትርጉም የማይኖረው።

የስንቅ ቦታዎችን ሠንጠረዥ መሥራት

አሁን መመሪያዎቹን ዘርግተው በኤክሴል ወይም በደብተር ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የቦታውን ስም፣ በመንገዱ ላይ ያለውን የርቀት ቁጥር፣ ከመንገዱ ወጥቶ እስከ ሱቁ ያለውን ርቀት፣ መድረሻው በእግር ይሁን በመኪና፣ ያለውን ዓይነት ሱቅ፣ የፖስታ ቤቱን የሥራ ቀንና ሰዓት እንዲሁም እስከ ቀጣዩ ቦታ የሚፈጀውን ቀን ያስገቡ። ከመንገዱ የሚያስወጣው ርቀት በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ደርሶ መልስ 24 ኪሎ ሜትር የሚያስወጣ መንደር አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፣ ያ ቀንም ስንቅ ይጠይቃል።

ሁሉንም ቦታ መጎብኘት አያስፈልግም። በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት መንደሮች ካሉ መካከለኛውን መዝለል ይቻላል፤ ከተማ በገቡ ቁጥር ገንዘብም ቀንም ይወጣል። በሌላ በኩል ምግብ ሳይቸግርዎት ጉልበት ለማደስ ብቻ የሚገቡበት ቦታ ይኖራል። የሰባት ቀን ስንቅ ተሸክሞ ከመሄድ ይልቅ በአራተኛው ቀን አንድ ግማሽ ቀን አጥፍቶ መሙላት ብዙ ጊዜ ያዋጣል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀን ክብደት ፍጥነትንም ጉልበትንም ይቀንሳል።

ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ ላይ መግዛት ወይስ ቀድሞ በፖስታ መላክ የሚለውን ይወስኑ። ሱፐርማርኬት ያለበት ከተማ ላይ ያለጥርጥር ይግዙ። መካከለኛ ሱቅ ያለበት ላይም እንዲሁ፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ አጃ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ቸኮሌትና ብስኩት ካለ ሰው ይጓዛል። የነዳጅ ማደያ ሱቅ ብቻ ያለበት ቦታ ለሁለትና ለሦስት ቀን ይበቃል፣ ለስድስት ቀን ግን አይበቃም። የሚላከው እንግዲህ እዚያና ምንም ሱቅ በሌለበት ቦታ ነው። በፓስፊክ ክሬስት ትሬይል ላይ ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በዋሽንግተን ግዛት ነው፤ እዚያ መንገዱ የሚያልፍባቸው የተራራ በሮች ላይ ያሉት ሱቆች ትንንሽ ናቸው፣ የመጨረሻው መንደር ስቴሂኪን ደግሞ በጀልባ፣ በውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ወይም በእግር እንጂ በመኪና አይደረስበትም። በአንጻሩ አፓላችያን ትሬይል የመኪና መንገድ ቶሎ ቶሎ ስለሚያቋርጥና በየሦስት በየአምስት ቀኑ ከተማ ስለሚገኝ እዚያ ካርቶን መላክ ብዙም አያስፈልግም። እዚያም ቢሆን ልዩ ቦታ አለ፤ በሜይን ግዛት ከመንሰን በኋላ ለ160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ የሌለበት ክፍል ሲኖር፣ መግቢያው ላይ የቆመው ምልክት የአሥር ቀን ስንቅ ያልያዘ ሰው እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ፈጣን ተጓዥ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ይጨርሰዋል፣ ምልክቱ ግን የተጻፈው የራሱን ፍጥነት ገና ለማያውቅ ሰው ነው።

የመድኃኒት፣ የመነጽርና የተለየ የአመጋገብ ሥርዓት ጉዳይ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የተወሰነ ምግብ የማይስማማው ሰው ብዙ ካርቶን መላኩ ተገቢ ነው፣ ይህም እንደ ስህተት ሊቆጠርበት አይገባም።

ክብደትና ካሎሪ

ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በቀን ከ3,000 እስከ 4,500 ካሎሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያቃጥላል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ይሰጣል፤ ስለዚህ የሻንጣውን ክብደት የሚወስነው የስቡ ድርሻ ነው። ደረቅ ሩዝና ፓስታ በ100 ግራም 360 ካሎሪ አካባቢ፣ ለውዝና የኦቾሎኒ ቅቤ 600 አካባቢ፣ የምግብ ዘይት 880 አካባቢ ይሰጣሉ። የተመረጠው ምግብ ድብልቁ በ100 ግራም 450 ካሎሪ እንዲደርስ ካደረጉ 800 ግራም ምግብ 3,600 ካሎሪ ይሆናል። ለአብዛኛው ሰው በቀን ከ700 እስከ 900 ግራም የሚለው ስፍር የሚመጣው ከዚህ ነው። በትንሽ ጠርሙስ የተያዘ ዘይት በየማታው ምግብ ላይ ሁለት ማንኪያ ሲጨመር ክብደት ሳያበዛ ከ200 በላይ ካሎሪ ይሰጣል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይም በሙቀትና በከፍታ ላይ፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ያኔ 700 ግራም እንኳ ተርፎ ወደ ከተማ ይገባል። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ረኀብ የማይለቅ ጓደኛ ይሆናል፣ ስፍሩም ወደ 900 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ከተማ ሲገቡ በሻንጣዎ ውስጥ የቀረውን በሚዛን ወይም በግምት መዝግበው ይያዙት፤ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ተኩል ምግብ ከተረፈ በከንቱ ተሸክመዋል፣ ሁልጊዜ ባዶ ከሆነ ደግሞ መጠባበቂያ የለዎትም። የግማሽ ቀን ወይም የአንድ ቀን ትርፍ ጤናማ ነው።

ስለ ማብሰያ ጋዝ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ግማሽ ሊትር ውኃ ለማፍላት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ጋዝ ይፈጃል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያፈላ ሰው 100 ግራም የያዘችውን ትንሿን ጣሳ በአምስት እስከ ሰባት ቀን ይጨርሳል። ጣሳው በአውሮፕላን ስለማይጫን በተራ ካርቶን ውስጥ ደብቆ መላክ አደገኛም ሕገወጥም ነው። ጋዝ በየት ከተማ እንደሚሸጥ በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው ምልክት ያድርጉ።

አንድ ክፍል እስከ መጨረሻው ሲሰላ

በፓስፊክ ክሬስት ትሬይል ላይ ከደቡብ ለሚመጣ ሰው ከባዱ ስሌት ያለው ከኬኔዲ ሜዶውስ በኋላ ነው። ይህ መንደር ከሜክሲኮ ድንበር 1,130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ይገኛል፤ በረሃው ያበቃና የሴራ ኔቫዳ ተራራ ይጀምራል። ቀጥሎ ብዙ ሰው ስንቅ ለመሙላት ከመንገዱ የሚወጣው በኪርሳርጅ ፓስ በኩል ነው። እስከ መገንጠያው 140 ኪሎ ሜትር፣ ከመገንጠያው በተራራው በር አልፎ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ድምሩ 152 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በበረሃው በቀን 30 ኪሎ ሜትር የለመደ ሰው «አምስት ቀን» ብሎ ሊሰፍር ይችላል። ሆኖም በመካከሉ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ የሆነው 4,009 ሜትር ከፍታ ያለው ፎረስተር ፓስ አለ፣ እስከ ሰኔ ድረስ በረዶ ይኖራል፣ አየሩ ይሳሳል፣ ወንዝ መሻገርም ሰዓት ይፈጃል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብንሰላው ሰባት ቀን ተኩል ይወጣል። በመንገዱ ላይ 4,421 ሜትር ወደሆነው ዊትኒ ተራራ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ይጨምራል። ለዚህ ሰው ትክክለኛው ስፍር የዘጠኝ ቀን ነው፤ በ800 ግራም ሲባዛ 7.2 ኪሎ ግራም ይሆናል።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይገባል። በዚህ አካባቢ ባሉት ብሔራዊ ፓርኮች ምግብ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ 11.5 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ዓይነት በጥንቃቄ ሲታሸግ ከሰባት እስከ ስምንት ቀን ይይዛል፣ ባዶውም ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ እዚህ ገደቡ የትከሻ ብቻ ሳይሆን የይዘትም ነው። አየር የሞላበትን ማሸጊያ በከተማ ቀዶ ምግቡን በስስ ፕላስቲክ መገልበጥ፣ ቀጭን ፓስታንና የተፈጨ ምግብን ከወፍራሙ ማስቀደም፣ የመጀመሪያውን ቀን ምግብ ደግሞ ከማታ በፊት የሚበላ ስለሆነ ከጣሳው ውጭ መያዝ ይረዳል። አሁንም ካልገባ መፍትሔው ዊትኒን መተው ወይም ቀኑን ማሳጠር ነው፤ ምግቡን መቀነስ ግን መፍትሔ አይደለም።

ካርቶን ሲላክ

በአሜሪካ ፖስታ ቤት በኩል ስም ብቻ ይዞ እስኪመጡ የሚጠብቅ አገልግሎት አለ፤ በካርቶኑ ላይ የተጓዡ ሙሉ ስም በመታወቂያው እንዳለ፣ ጄኔራል ዴሊቨሪ የሚለው ቃል፣ ከተማው፣ ግዛቱና የፖስታ ቁጥሩ ይጻፋል። «ለእግር ተጓዥ ይቀመጥ» የሚል ማሳሰቢያና የሚደርሱበት ግምታዊ ቀን ከጎኑ በትልቁ ይጻፍ። ትንንሽ ፖስታ ቤቶች በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራሉ፣ እሑድና በመንግሥት በዓላት ይዘጋሉ፤ ዓርብ ማታ ከተማ የገባ ሰው ቅዳሜ የማይከፍት ፖስታ ቤት ከሆነ እስከ ሰኞ ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ ማደሪያ ወይም ሱቅ በክፍያ የሚቀበል ካለ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ግን ሊቀበሉ መስማማታቸውንና የሚፈልጉትን አጻጻፍ ቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ካርቶኑን ከቤት የሚልክልዎት የሚታመን ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ካርቶኖቹ ሳይታሸጉ ይተዉለት፣ ምን እንዲጨምር ወይም እንዲያወጣ በመንገድ ላይ ሆነው መንገር እንዲችሉ። ከመድረሻዎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይላክ፣ እንደ ስቴሂኪን ላሉ ሩቅ ቦታዎች ከዚያም ቀደም ብሎ። ሳሙናና ሽታ ያለው ነገር ከምግብ ጋር በአንድ ከረጢት አይግባ፤ በሳምንት ውስጥ አጃው ሳሙና ሳሙና ይላል። የቤት ሰው ከሌለ በመንገድ ላይ ያለ ትልቅ ከተማ ገብቶ ለቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ደካማ ቦታዎች ገዝቶ ከዚያው መላክ ይቻላል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው መንገድም ይህ ነው፣ ምክንያቱም የሚላከው ምግብ የተመረጠው አሁን ባለዎት ፍላጎትና ፍጥነት ነው። ብዙ ቦታ ላይ ተጓዦች የተረፋቸውን የሚተዉበት ሳጥን አለ፤ ከእሱ የሚገኘው ይጠቅማል፣ በእሱ ላይ ግን ማቀድ አይቻልም።

ውኃ እንደ ስንቅ

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ይህንንም ማቅለያ መንገድ የለም። በመጠነኛ አየር ለ8 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ይበቃል፤ በበረሃ ሙቀት ለ5 ወይም ለ6 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር መያዝ ያስፈልጋል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ከሲዘርስ ክሮሲንግ እስከ ባረል ስፕሪንግ ያለው 38 ኪሎ ሜትር ያህል የተፈጥሮ ውኃ የለውም፤ በሰሜን ካሊፎርኒያ ያለው ሃት ክሪክ ሪም 48 ኪሎ ሜትር ያህል ደረቅ ነው። ለ38ቱ ኪሎ ሜትር በስሌቱ ከ6 እስከ 8 ሊትር፣ ማደር ካለ ደግሞ ለማብሰያ አንድ ሊትር ይጨመራል። ከአራት ቀን ምግብ ጋር ሲደመር ከ10 ኪሎ በላይ ይሆናል።

ይህን ሸክም የሚያቃልለው የሰዓት አጠቃቀም ነው። ከሰዓት በኋላ ምንጩ ላይ ደርሰው ይረፉ፣ ሆድ እስኪሞላ ይጠጡ፣ እራትዎን እዚያው አብስለው ይብሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ስትበርድ ተነሥተው ለሁለት ሦስት ሰዓት ይሂዱና ደረቅ ቦታ ላይ ይደሩ። ለእራት የሚሸከሙት ውኃ ቀረ፣ በቀዝቃዛ ሰዓትም የሚጠጣው ያንሳል። በጎ ፈቃደኞች በመንገዱ ላይ የሚያስቀምጡት የጀሪካን ውኃ አንዳንድ ቦታ አለ፤ ትናንት አለ የተባለው ዛሬ ባዶ ሊሆን ስለሚችል በስሌቱ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ከተገኘ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ቀድቶ ለኋለኛው መተው ነው።

ከከተማ ከመውጣት በፊት ያለው ሌሊት

እቅዱ በትክክል የሚሠራው በከተማ ባለው የመጨረሻ ሌሊት ነው። ስልክና ፓወር ባንክ ሙሉ ይሁኑ፤ 10,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ ስልክን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ስልኩም በመንገድ ላይ በኤርፕሌን ሞድ ይዋል። የመተግበሪያው ካርታና አስተያየቶች ኔትወርክ ሳለ ይታደሱ። ከዚያ ቀጣዩን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡና በወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ የትኞቹ ምንጮች እንደሚታመኑ፣ በመካከላቸው ያለው ረጅሙ ደረቅ ርቀት፣ በየትኛው ቀን ትልቁ አቀበት እንደሚመጣ፣ ቢታመሙ ወይም እሳት ቢነሣ በየት በኩል ወደ መኪና መንገድ እንደሚወጣ። መንገድ ላይ እየሄዱ ደጋግሞ ስልክ ከማየት ይህች ወረቀት ትሻላለች።

የመውጫ መንገዱን ለመጻፍ የሚያስገድድ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዲክሲ የተባለው እሳት በሰሜን ካሊፎርኒያ የመንገዱን ክፍል አቃጥሎ አለፈ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻም በካሊፎርኒያ ያሉት ብሔራዊ ደኖች ከሞላ ጎደል በሙሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ለሕዝብ ተዘግተው ነበር። በዚያን ጊዜ ወደፊት የተላከ ካርቶን የነበረው ሰው ካርቶኑ ባለበት መድረስ አልቻለም። ክፍል ሲዘጋ በሠንጠረዡ ላይ የተዘለሉትን ቦታዎች ይሰርዙ፣ ላኪው ሰው የቀሩትን እንዳይልክ ይንገሩት፣ አስቀድሞ የተላከ ካለ ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር ፖስታ ቤቱን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ለአንድ የቤት ሰው የሚነሡበትን ቀን፣ የሚደርሱበትን ቦታ፣ በሻንጣዎ ያለውን የስንቅ ቀን ብዛትና «እስከዚህ ቀን ካልደወልኩ ጠይቁ» የሚለውን ቀን ይላኩ። ይህ ቀን ከሚደርሱበት ግምት ላይ የትርፍ ስንቅዎን ያህል ዘግይቶ ይሁን፤ አንድ ቀን ትርፍ ከያዙ አንድ ቀን፣ ሁለት ከያዙ ሁለት።